መረብ ይዘን እንቁም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ስጡን

ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት
ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቢራቢሮና የውኃ ተርብ ለማየት የሚያስችል ወረቀት ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ክበብ አለችን። ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበን፣ ታክሲ ተሳፍረን፣ ውኃ ወዳለበት እንሄዳለን። ቢራቢሮ እናያለን። የውኃ ተርብ እናያለን። የውኃ ተርብ ስል ግራ የሚገባው አንባቢ ይኖራል። እኔ ባደግኩበት ሰፈር "ሄሊኮፕተር" ነበር የምንለው። ያ አራት ክንፍ ያለው፣ ወገቡ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ፣ ኩሬ ላይ አየር ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነው። አይናደፍም። ስሙ ነው ያስጠላው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ለመለመን ነው። ወረቀቱ ምን ምን ይበል የሚለው ላይ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን የገጠመንን ልንገራችሁ።

ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው ገና አልደረቀም፣ ፀሐይዋ ከጠዋት ጀምራ ትሞቃለች። ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ወር የለም። አሥር ተማሪዎች ይዤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ግድብ ሄድን። ሁለት መረብ ይዘናል። የሰፋችልን የአንዷ ተማሪ እናት ናት፤ ከአሮጌ አጎበር። እጀታው የመጥረጊያ እንጨት ነው። አፉ ላይ ያለው ቀለበት ደግሞ ወፍራም ሽቦ። እኛ ኮርተንበት ነበር። ከሩቅ ላየው ሰው ምን እንደሚመስል ግን አላሰብንበትም።

ጥበቃው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ዱላቸውን እያወዛወዙ መጡ።

"ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው!"

"ዓሣ አይደለም ጋሼ። ቢራቢሮ ነው።"

ቆም አሉ። እኔን አዩኝ፤ መረቡን አዩ፤ ልጆቹን አዩ።

"ቢራቢሮ ለምን?"

ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ጥያቄ ብዙ ቢሮ ውስጥ ተጠይቄዋለሁ። መልሱን ለመስማት ፈልገው የጠየቁኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ወረቀት አላችሁ ወይ አሉን። ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጠኋቸው። ስልክ ደወሉ። ደብዳቤው "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል እንጂ ለእኛ አልተጻፈም ተባለ። ለካስ ለሚመለከተው ሁሉ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። መረቦቹ ጥበቃ ቤት ቀሩ።

የቀጣዮቹን ሳምንታት ነገር ላሳጥርላችሁ። አንዱ ቢሮ "ይሄ የእኛ አይደለም" አለኝ። ሌላው "የምርምር ፕሮፖዛል አስገባ" አለኝ። ምርምር አይደለም፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው ስል "እንግዲያውስ ፈቃድ አያስፈልግህም" አለኝ። ጥሩ፣ አያስፈልግም ብላችሁ ጻፉልኝ አልኩ። "የማያስፈልግ ነገር እንዴት ይጻፋል?" ተባልኩ። ሦስተኛው ጋ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሦስት ቀን ሄድኩ፤ ሦስቱንም ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። የማንንም ስም አልጠራም። እናንተም አይደላችሁም፤ እናንተ ዘንድ የመጣሁት ገና አሁን፣ በዚህ ደብዳቤ ነው። መረቦቹን መልሰን ያገኘናቸው ታኅሣሥ ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሜዳው ገለባ ሆኗል።

ሕጉን አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቤዋለሁ። "አርክቦት" የሚለውን ቃል ያወቅኩትም ከእሱ ነው። የትምህርት ቤታችንን የአማርኛ መምህርት ትርጉሙን ብጠይቃት እሷም ከእኔ መስማቷ ነበር፤ ለካስ አግኝቶ መጠቀም ማለት ነው። አዋጁ የወጣው የሀገር የዘር ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ሳይጠየቅ ተጭኖ እንዳይወጣ ነው። ደግ አደረገ። የጤፍን ነገር እናስታውሳለን። ሆላንድ ውስጥ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ተይዞ፣ የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም እስኪል ድረስ ዓመታት ፈጅቷል። ስለዚህ ጠንቀቅ በሉ። እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ነኝ።

ግን አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢራቢሮ በመረብ ይዛ፣ ፎቶ አንስታ፣ ደብተሯ ላይ ጽፋ ስትለቃት ከሀገር ምን ወጣ? ጥበቃው ይህን መለየት አይችሉም። እንዲለዩም አይጠበቅባቸውም። የሚለይላቸው ወረቀት ነው የጠፋው።

ምን እንደምናደርግ ሳታውቁ ፍቀዱልን ማለት ደግሞ አይሆንም። አንድ ቅዳሜያችንን ልተርክላችሁ።

ማልደን አንወጣም። ቢራቢሮም የውኃ ተርብም ፀሐይ ካልሞቃቸው አይንቀሳቀሱም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ብትሄዱ ሣር ላይ ተጣብቀው ነው የምታገኟቸው። አራት ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ከዚያ እስከ ስምንት ሰዓት ገበያው ይደራል። ደመና ፀሐይዋን ከሸፈናት ሁሉም በአንዴ ድራሻቸው ይጠፋል። አዲስ የመጡ ልጆች መጀመሪያ ይናደዳሉ። ኋላ ይለምዱታል። ደመና ሲመጣ ዳቦ ይበላል።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መረብ አይነካም። ማየት ብቻ ነው። ወንዱ የውኃ ተርብ የራሱ ቦታ አለው። አንዲት የሸምበቆ ጫፍ ይመርጣል። ይበራል፣ ዞር ዞር ይላል፣ ተመልሶ እዚያችው ጫፍ ላይ ያርፋል። ሌላ ወንድ ከመጣ ያባርረዋል። ልጆቹ ይህን ካወቁ ወዲህ መሯሯጥ ትተዋል። ሸምበቆዋ አጠገብ ቆሞ መጠበቅ ነው። ከፊት ለፊቱ በመረብ እመጣለሁ የሚል ግን ሞኝ ነው። ዓይኑ ጭንቅላቱን ሸፍኖታል፤ አንዱ ዓይን ብቻ እስከ 30 ሺህ ከሚደርሱ ጥቃቅን ዓይኖች የተገጣጠመ ነው። መምጣት ያለባችሁ ከኋላ፣ ከታች ወደ ላይ ነው። ከገባ በኋላ ደግሞ መረቡን ጠምዘዝ፤ አለዚያ በገባበት ይወጣል። አራቱን ክንፎቹን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ስለሚችል አየር ላይ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይበራል። ለአደን ሲወጣ አይስትም ማለት ይቻላል። በተለኩ ሙከራዎች ከመቶ ዘጠናውን ይይዛል። አንበሳ ይህን ቢሰማ ያፍር ነበር።

አያያዙም ሥርዓት አለው። የውኃ ተርብን አራቱን ክንፎች ጀርባው ላይ ገጥመን በሁለት ጣት መካከል እንይዛለን። አይጎዳም። ክንፉ ገና የሚያብረቀርቅ፣ ሰውነቱ የለሰለሰ ለጋ ከሆነ ግን አይነካም፤ ከውኃ የወጣው ገና ዛሬ ነው። ቢራቢሮን በጣት አንይዝም። ያ ዱቄት የምንለው ነገር እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተደራርቦ የተደረደረ ቅርፊት ነው። ቀለሟ ያለው እዚያ ላይ ነው። አያቴ ዱቄቱ ዓይን ያጠፋል ትለን ነበር። አያጠፋም። ግን አያቴ እንዲያ ብላ ባታስፈራራን ስንቱን እንፈጀው ነበር። ስለዚህ ቢራቢሮ ከመረቡ ወደ ብልቃጥ ትገባለች፤ ልጆቹ ዙሪያዋን ያያሉ፤ ክዳኑ ይከፈታል።

ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። ሰማዩ እንዴት ነበር? ውኃው ይሄዳል ወይስ የቆመ ነው? ዳሩ ላይ ቄጠማ አለ፣ ፊላ አለ ወይስ ባዶ ነው? ከዚያ ያየነው ይጻፋል። ያላወቅነውን "የማናውቀው 1"፣ "የማናውቀው 2" እያልን ቁጥር እንሰጠዋለን። "የማናውቀው 4" ላይ ሁለት ወር ተከራክረናል። ቢጫ ቡኒ ነች፤ መጽሐፍ ብናገላብጥ አትገኝም። አንድ ቀን ከቀዩ፣ ከ"የማናውቀው 2" ጋር ተያይዛ ስትበር አየናት። ሚስቱ ነች። ብዙ ዓይነት የውኃ ተርብ ላይ ወንዱና ሴቷ ቀለማቸው ለየቅል ነው። ይህን እኔ በቃል አስተምሬያቸው ነበር። የገባቸው ግን ያን ቀን ነው።

ለልጅ ከሁሉ የሚሻለው ስብስብ ግን የሚበረው አይደለም። ልብሱ ነው።

የውኃ ተርብ ልጅነቱን የሚያሳልፈው ውኃ ውስጥ ነው። እዚያ ሲኖር ክንፍ የለውም፤ ጭቃ የመሰለ አስቀያሚ ነገር ነው። የታችኛው ከንፈሩ እንደ ክንድ ተጣጥፎ ፊቱ ሥር ይቀመጣል። የወባ ትንኝ እጭ ባጠገቡ ስታልፍ ክንዱ ተፈንጥሮ ይወጣና ቀጨም ያደርጋታል። የሚተነፍሰው በፊንጢጣው ውኃ እያስገባ ነው። ይህን አንዴ ከነገርኳቸው ወዲህ ፈተና ላይ የሳተው ተማሪ የለም። ያንኑ ውኃ ወደ ኋላ ሲተፋው ደግሞ እንደ ሮኬት ወደ ፊት ይወረወራል። ጊዜው ሲደርስ ሸምበቆ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ጀርባው ይቀደዳል፤ ባለ ክንፉ ከውስጥ ይወጣል፤ ይደርቃል፤ ይበራል። አሮጌው ቆዳ እዚያው ሸምበቆው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከነእግሩ፣ ከነዓይኑ ቅርጽ፣ ከነዚያች ከንፈር። እኛ ልብስ እንለዋለን።

ልብሱን ለቅማችሁ በክብሪት ቀፎ ብታስቀምጡት የገደላችሁት ነገር የለም። ማስረጃነቱ ደግሞ ከሚበረው ይበልጣል። የሚበረው ከሩቅ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ልብሱ ግን እዚሁ ውኃ ውስጥ ተፈልፍሎ ማደጉን ይመሰክራል። ውኃው የሞተ ከሆነ ልብስ የለም። ከትምህርት ቤታችን በታች የሚያልፍ ወንዝ አለ። ሁለት ዓመት ዳር ዳሩን ፈልገን አንድም ልብስ አላገኘንም። ፌስታል በሽበሽ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የወንዝ ጤንነት የሚለካበት አንዱ መንገድ የውኃ ተርብ ነው፤ የትኞቹ ዓይነቶች እንዳሉ አይተው ነጥብ ይሰጣሉ። ይህን የምለው ወንዝ ዳር ስናለማ ቄጠማውን ሁሉ አጭደን በድንጋይ ስንለብጠው እያየሁ ስለሆነ ነው። ድንጋዩ ያምራል። ልብስ ግን ድንጋይ ላይ ብዙ አይገኝም።

ትገድላላችሁ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እውነቱን ልናገር። ልጅ ሆኜ የውኃ ተርብ ወገብ ላይ ክር አስሬ አብርሬያለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ይህን ደብዳቤ የምታነቡት ሰዎች መካከልም ያደረገው አይጠፋም። ክበቡን የጀመርን ሰሞን ደግሞ ቢራቢሮ በመርፌ ወግተን በሣጥን ደርድረን ነበር። ናፍታሌን ማድረግ ረሳን። በክረምቱ ዕረፍት ጉንዳን ገባበትና መርፌና ክንፍ ብቻ አስቀረልን። ከዚያ ወዲህ ተማሪ አይገድልም። ይህ የክበባችን ሕግ ነው።

ሆኖም ሳይንቲስት አይሰብስብ አልልም። ተመሳሳይ የሆኑ ዓይነቶች አሉ። የወንዱን የወገብ ጫፍ በማጉያ ካላዩ የማይለዩ አሉ። ቢራቢሮም ላይ እንዲሁ። የሠለጠነ ሰው፣ ጥቂት፣ በፈቃድ ይሰብስብ። የውኃ ተርብ ሲሞት ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል፤ አሴቶን ውስጥ የሚነክሩት ለዚህ ነው። ይህ ዕውቀት ነው፣ ሙያ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሥራ ግን አይደለም።

ስለ ስሞች ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ደጋችን ላይ የሚበር አንድ ቢጫ ቢራቢሮ አለ። የሳይንስ ስሙ ኮሊያስ ኤሌክቶ ሜኔሊኪ ነው። ሌላው ካራክሰስ ጋላዋዲዎሲ ይባላል። ፕላንትሩና ሩዦ የሚባሉ ፈረንሳዮች በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጡለት ስም ነው። ገላውዴዎስ በፈረንሳይ አፍ እንዲህ ሆነ ማለት ነው። ቫኔሳ አቢሲኒካ የምትባልም አለች፤ አባጨጓሬዋ ሳማ ይበላል። እኛ የምንሸሸውን ሳማ። ከቀጫጭኖቹ የውኃ ተርቦች መካከል ኢሽኑራ አቢሲኒካ አለች፤ ኑሮዋ የእኛው ደጋ ነው። ቪዮላ ክላውስኒትዘርና ክላስ ዳውዌ ዳይክስትራ በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የውኃ ተርቦች ዝርዝር አሳትመዋል። መቶ ገደማ ዓይነት አሉን። ከእነዚያ ውስጥ አሥር ገደማ የሚሆኑት ከዚህ ሀገር ውጪ የትም የሉም። እነዚህ ደግሞ የሚኖሩት የደጋ ጅረትና ደን አካባቢ ነው። ደኑና ጅረቱ ምን ላይ እንዳሉ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ።

ከስሞቹ ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን "አንቲኖሪ" ነው። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። የሀገሩ የጂኦግራፊ ማኅበር ልኮት መጣ። ምኒልክ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ፣ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የምትባል ቦታ ሰጡት። እዚያ ቤት ሠርቶ ወፉንም ነፍሳቱንም ሰበሰበ። በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ፤ መቃብሩም እዚያው ነው። ሰውየው ቀረ፤ ስብስቡ ግን ጄኖቫ ሄደ። በዓመቱ ኦበርቲዩር የሚባል ፈረንሳዊ ከሸዋ ከተገኙት ቢራቢሮዎች አንዷን በእሱ ስም ሰየማት።

ይቺ ቢራቢሮ ተራ ቢራቢሮ አይደለችም። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ ከሚባለው ዓይነት ናት። ወንዱ ገረጣ ያለ ቢጫ ነው፤ የኋላ ክንፉ ላይ ጭራ አለው። አብዛኛው አፍሪካ ውስጥ ሴቷ ባሏን አትመስልም። ጭራዋን ጥላ፣ ቀለሟን ቀይራ፣ ወፍ የማይበላቸውን መራራ ቢራቢሮዎች ትመስላለች። ማስመሰሏ ነው ከወፍ የሚያድናት። የእኛ ሀገሯ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንዱን ትመስላለች። ጥቂቶቹ ያስመስላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ጭራቸውን አልጣሉም። ለምን? የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ቢራቢሮ ነው። ተማሪዬ ስለሷ የምታነበው በባዕድ ሀገር መጽሐፍ ነው። ያኔ የተሰበሰቡትን ልያቸው ብትል ቪዛ ያስፈልጋታል። ሕያዋን እህቶቻቸውን ልያቸው ብላ መረብ ብትይዝ ደግሞ ወረቀት ትጠየቃለች።

ሁለት መንገደኞችም አሉ። በእነሱ ጉዳይ ከእኛ ደብተር ልትጠቀሙ ትችላላችሁ ብዬ አምናለሁ። አንዱ ፓንታላ ፍላቬሰንስ ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ኳስ ሜዳ ላይ በመንጋ የሚዞረው ወርቃማው የውኃ ተርብ። ቻርለስ አንደርሰን የሚባል ማልዲቭስ ውስጥ የኖረ የባዮሎጂ ባለሙያ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ አለ። በዚህ ጽሑፍ መሠረት ነፋስ ተከትለው ከሕንድ ተነስተው፣ በማልዲቭስ አልፈው፣ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ይገባሉ። ዝናብ ባቆረው ውኃ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ልጆቹ በሳምንታት ውስጥ ያድጋሉ፤ የመልሱን ጉዞ የሚያደርገው ሌላ ትውልድ ነው። ሁለተኛዋ ቫኔሳ ካርዱዪ ናት። ብርቱካንማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። አባጨጓሬዋ ኮሸሽላ ይወዳል። አውሮፓ ሲቀዘቅዝ ወዴት እንደምትገባ ለረጅም ጊዜ በእርግጠኝነት አይታወቅም ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. መጸው ጄራርድ ታላቬራና ሮጀር ቪላ ቤኒን፣ ቻድ፣ ሴኔጋልና ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ፈለጉ። አገኟትም። ሜዲትራኒያንንና ሰሃራን አቋርጣ እዚህ ትመጣለች፤ እዚህም ዘሯን ትተካለች።

ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ "ቪዛ ማን ሰጣት?" አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ደብተር ይዘን ወጣን። የመጀመሪያዋን ያየነው መስከረም 23 ቀን ነው፤ ዘንድሮ መጀመሪያ የምናያት መቼ እንደሆነ እየጠበቅን ነው። በየክልሉ አንድ አንድ ትምህርት ቤት ይህን ቀን ብቻ ቢጽፍ ለሀገሪቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት። ገንዘብ አያስወጣም። መኪና አያስፈልግም።

ሜዳ መሄድ የማይችል ልጅም አለ። ለእሱ የሎሚ ዛፍ አለ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለው ግቢ ውስጥ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርጉ። የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ኩስ ላይሆን ይችላል። የፓፒሊዮ ዴሞዶከስ አባጨጓሬ ነው፤ ወፍ እንዳይበላው ኩስ መስሎ ተቀምጧል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ብትነኩት ከአንገቱ ላይ ቀንድ የመሰለ ቀይ ነገር ያወጣል፤ ይሸታል። ተማሪዎቼ እርስ በርስ እያሸተቱ ነው የሚጫወቱት። ለዚህ እንኳን ወረቀት የሚጠይቅ አልገጠመንም፤ እስካሁን።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እንዲህ ቢል ይበቃናል። በመምህር የሚመራ የትምህርት ቤት ክበብ ቢራቢሮና የውኃ ተርብ ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ በእጅ መረብ ይዞ እዚያው መልቀቅ፣ የተጣለ ልብስና ሞቶ የወደቀ ክንፍ መልቀም ይችላል። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ የፓርኩን ኃላፊ አስቀድሞ ያሳውቃል። ገድሎ መሰብሰብ፣ መሸጥ፣ ከሀገር ማውጣት አዋጁ እንዳለው ነው፤ አንነካውም። ከታች የሁለታችሁም ማኅተም። አንድ ስልክ ቁጥር ብትጨምሩበት፣ የሚያነሳ ሰው ያለበት፣ ጥበቃው ሲጠራጠሩ ይደውላሉ። ለዓመት ይሁን፤ በየዓመቱ መጥተን እናሳድሳለን። ወረፋ መቆም እናውቅበታለን።

ማኅተም የሁለታችሁ ይሁን ያልኩት አንዳችሁ ጋ ብቻ ከሆነ ነገ ሌላ ጥበቃ "ይሄ የዚያኛው ነው" ይለናል ብዬ ነው። አንዴ የቀመስኩት ነገር ስለሆነ ነው።

በምላሹ ደብተሮቻችንን ውሰዱ። ስድስት ደርሰዋል። ፎቶ አንስታችሁ መልሱልን እንጂ ዋናውን አንሰጥም፤ ልጆቹ አይስማሙም። አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለልብሶቻችን አንድ መሳቢያ ቢሰጠን ደግሞ ደስታችን ነው። አንቲኖሪ የሰበሰበው ጄኖቫ አለ፤ የእኛ እንኳን አራት ኪሎ ይሁን።

የግድቡን ታሪክ አልጨረስኩላችሁም። ያን ቀን ጥበቃው አለቃቸውን በስልክ ሲጠብቁ አንዷ ተማሪ የለቀመችውን ልብስ አሳየቻቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። "ይሄንን እኮ በየቀኑ አየዋለሁ" አሉ። "እኔ የሞተ ፌንጣ መስሎኝ።" ከዚያ የት እንደሚበዛ ነገሩን፦ ውኃው በሚወጣበት በኩል፣ ፊላው ሥር፣ ጠዋት ጠዋት። ሐምሌና ነሐሴ እምብዛም የለም፣ መስከረም ከገባ በኋላ ነው አሉ። እኔ በሦስት ዓመት ያልደረስኩበትን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። መረብ የለንም፤ እጃችን ባዶ ነው። ራሳቸው መርተው ወሰዱን። 41 ልብስ ቆጠርን።

ታኅሣሥ ላይ መረቦቹን ልወስድ ስሄድ ከመረቦቹ ጋር አንድ የክብሪት ቀፎ ሰጡኝ። ስከፍተው ሦስት ልብስ አለበት። ሁለቱ ወፋፍራም ናቸው። ሦስተኛዋ ቀጭን፣ ጭራዋ ላይ ሦስት ቅጠል የመሰሉ ነገሮች ያሏት። ጋሼ ጣታቸውን ቀሰሩባት።

"ይቺ ሌላ ዓይነት ናት መሰለኝ" አሉኝ።

ልክ ነበሩ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ከክበቡ ልጆች ጋር

ግልባጭ፦
ለግድቡ ጥበቃ፣ ለጋሼ